እትዬ የሻረግ ያልቀመሱት ጥብስ

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ተመልሼ ሊንውድ ያለው አፓርታማችን ደረጃ ላይ ስደርስ፣ ቁልፌን ከቦርሳዬ እየፈለግሁ ሳለ አንድ ሽታ ተቀበለኝ። ስኳር መጥበሻ ላይ ሊያር ጥቂት ሲቀረው የሚሸተው ሽታ ነው፤ ከሥሩ ሰናፍጭ አለ፣ ከሰናፍጩ ሥር ደግሞ የአሳማ ስብ። ዝናብ የነካውን ጃኬቴን እንደለበስኩ ቆም አልኩ። የጎረቤት ምሳ መስሎኝ ነበር። በሩን ስከፍተው ግን የገዛ ቤቴ ሆኖ አገኘሁት።

ልጄ ሶስና ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ሳህኑን በአንድ እጇ ይዛ፣ እንደቆመች ትበላለች። እኛ ቤት የአሳማ ሥጋ ተጠብሶ አያውቅም፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ቁጭ ያላለችው ለዚህ ነው፤ እኔ ሳልደርስ ጨርሳ፣ ሳህኑን አጥባ፣ መስኮቱን ልትከፍት አስባ ነበር። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ፤ ጎንበስ እንዳልኩም እትዬ የሻረግ መጡብኝ። እንግዲህ ልጄን እዚያው እንደቆመች ላቆያትና ስለ እሳቸው ልንገራችሁ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ እኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከእናቴ ጋር እዚሁ አጠገብ ማውንትሌክ ቴራስ የሚባል ከተማ እንኖር ነበር። እትዬ የሻረግ ከታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ናቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ፍንጭት ሴት። ጥቁር ሹራብ ይለብሱና ከእጅጌው በላይ የወንድ ሰዓት ያስራሉ። ነጠላቸውን አጣጥፈው ከዝናብ ጃኬታቸው ሥር ይደርቡታል፤ ከታች ደግሞ ልጃቸው የገዛችላቸው ነጭ ስኒከር አለ። አዲስ አበባ ጉለሌ ሳሉ የድግስ ወጥ ሠሪ ነበሩ። ሠርግ በሉት፣ ክርስትና በሉት፣ ተዝካር በሉት፣ ከሳቸው እጅ ያልወጣ ድግስ በሰፈሩ አልነበረም አሉ። ድስት ሲጥዱ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጆሯቸውን ወደ ድስቱ ይሰጣሉ። ልጅ ስለነበርኩ ድስቱ የሆነ ወሬ የሚነግራቸው ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፋሲካ ዶሮ የሚሠራው በዋዜማው፣ ገና በጾም ነው፤ ሠሪዋ አትቀምሰውም። ጨው በዛ፣ አነሰ፣ ቁሌቱ በሰለ፣ አልበሰለ፣ በዓይን፣ በአፍንጫና በጆሮ ነው የሚታወቀው። ይህን ባለሙያ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። እትዬ የሻረግ ግን ለምደውት፣ በፍስኩም ቢሆን ሳይቀምሱ ነበር የሚሠሩት። ምላስ ውሸታም ነው ይሉ ነበር፤ የራበው ምላስ ያገኘውን ሁሉ ጣፈጠኝ ይላል።

እናቴ ጠዋት የሆቴል ክፍል ታጸዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። እኔን ከትምህርት ቤት በኋላ የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ እትዬ የሻረግ ወሰዱኝ። የወሰዱኝም ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ ሥራቸው ነው። ከአፓርታማችን ጥቂት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ጣራው አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት የለበሰ አንድ ቤት ነበር፤ እዚያ አንድ ሽማግሌ ይጦራሉ። ስሙ ሃሮልድ ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ በባሕሩ ላይ በሚመላለሰው፣ ፌሪ በሚባል መርከብ መኪኖችን ሲያስገባና ሲያስወጣ የኖረ ሰው ነው። እትዬ የሻረግ አባባ ይሉታል። እኔን ግን ሃሮልድ በይኝ ስላለኝ፣ ዛሬም ሳወራ "እሱ" እንጂ "እሳቸው" አይወጣልኝም።

ቤቱ ይታየኛል። የእንጨት ሳጥን ያለው ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ድምፁ ተቀንሶ ሁልጊዜ ክፍት ነው። የኩሽናው ግድግዳ ላይ ቢጫ ስልክ፣ ገመዱ ተጠማዝዞ ወለል ድረስ ይንጠለጠላል። ከጓሮ በር አጠገብ ሚስቱ ማርጊ የሞተች ዕለት እንደተሰቀለ የቀረ አበባ አበባ ሽርጥ አለ። ከኩሽናው መስኮት ውጭ፣ ግንዱ የጎበጠ የፖም ዛፍ። ሃሮልድ ወንበሩን ወደ ዛፉ አዙሮ ይቀመጣል።

ማርጊ ከሞተች ወዲህ ሃሮልድ መብላት ትቷል። እትዬ የሻረግ ሾርባ ይሠሩለታል፣ እንቁላል ይጠብሱለታል፣ ድንች ይፈጩለታል፤ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ታንክዩ ብሎ ይመልሳል። በየሳምንቱ ነርስ እየመጣች ሚዛን ላይ ታቆመዋለች፤ በየሳምንቱ ይቀንሳል። ቤልቪው ኮምፒውተር መሥሪያ ቤት የምትሠራው ልጁ ጁዲት ክፉ ሴት አልነበረችም። እኔ እዚያ ቤት እንድውል የፈቀደችልኝም እሷ ናት። አንድ ቀን ግን ኩሽና ቆማ፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ እስከ ጸደይ ድረስ ክብደቱ ካልተመለሰ ሊንውድ ያለው ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ እንደምታስገባው ነገረችን። ቤቱም ይሸጣል። ሃሮልድ ሁሉንም ሰምቷል። ጁዲት ከሄደች በኋላ ከዚህ ወንበር አልነሳም አለ፤ ማርጊም የሞተችው እዚህ ነው፣ ዛፉንም የተከልነው እኛው ነን አለ።

እትዬ የሻረግ ታዲያ ምን ቢሠራለት እንደሚበላ ጠይቂልኝ አሉኝ። ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና ማርጊ እሑድ እሑድ የምትሠራትን ፖርክ ቾፕ አለ፤ ከላይ ጣፋጭ የተቀባች፣ እንደ መስታወት የምታበራ።

ፖርክ የአሳማ ሥጋ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። በትምህርት ቤት ምሳ ላይ ፖርክ ያለበት ቀን እናቴ ከቤት ነበር የምትቋጥርልኝ። የእትዬ የሻረግን ፊት ሳላይ፣ ጠረጴዛውን እያየሁ ተረጎምኩላቸው። እሳቸውም የጸዳውን ጠረጴዛ እንደገና ወለወሉት። በዚያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ፣ ዝናቡ ካፊያ ነው፣ ጃንጥላም አልያዝንም፣ እየተራመዱ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው ተናገሩ።

"የነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው አይሆንም ይሉኛል። አይሆንም ካሉኝ ወዲያ ብሠራው አለመታዘዝ ነው። ካልሠራሁት ደግሞ ሰውዬውን ይወስዱታል።" ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ "ስለዚህ ልሥራውና ነው የምጠይቃቸው" አሉ።

ሁዳዴ ከገባ ሳምንት ሆኖት ነበር።

የመጀመሪያው ጥብስ መቼም አይረሳኝም። እትዬ የሻረግ ሰማያዊ የፕላስቲክ ጓንት አጠለቁና ከነአጥንቱ የተቆረጠውን የአሳማ ጎድን ገንዳ ውስጥ ጨመሩት። ከዚያ እንደ ዶሮ አጠቡት። በሎሚ አሹት፣ በጨው አሹት፣ በውሃ አለቀለቁት፣ ውሃው እንደ ምንጭ ውሃ እስኪጠራ ድረስ ደጋገሙት፤ ፊታቸው ግን ወደ መስኮቱ ነበር። ከዳር የነበረውን ስብ ክር እንኳ ሳይቀር ቆርጠው ጣሉት። ቀጥለው በማርጊ ከባድ የብረት መጥበሻ ላይ አድርገው፣ የርኩስ ነገር ርኩስነቱ በእሳት የሚያልቅ ይመስል፣ አበሰሉት፣ አበሰሉት። ሲወጣ ግራጫ ነበር። ሃሮልድ ቆረጠ፣ አኘከ፣ አኘከ። ጨዋ ሰው ስለነበር ጊዜ ወስዶ አኘከ። በመጨረሻ ናፕኪን አፉ ላይ አድርጎ፣ "ይሄ አሳማ ከአይዳሆ ድረስ በእግሩ የመጣ ይመስለኛል" አለ።

ስተረጉምላቸው እትዬ የሻረግ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እዚያ ቤት ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ሃሮልድም ራሱ አብሳይ ባይሆንም ማርጊ ስታበስል ዕድሜውን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጦ አይቷልና የሚያስታውሰውን ነገረን። ስቡ አይቆረጥም፤ ጣዕሙ እሱ ነው። እንዳይጨማደድ ብቻ ዳር ዳሩን በቢላ ጫፍ ጫር ጫር ማድረግ ነው። ደግሞም አይታጠብም፤ በወረቀት ደረቅ ደረቅ ይደረጋል እንጂ። እዚህ ላይ እትዬ የሻረግ አቋረጡኝ። አሳማ መንካቱን ችለውታል። ሥጋ ሳይታጠብ ወደ እሳት ሲገባ ማየት ግን ከእምነትም ያለፈ፣ የሙያ ነገር ነበር። "ሳይታጠብ?" አሉ፤ "ያልታጠበ ሥጋ የሚበላ ሰው አለ?" በኋላ ግን ባዕድ አገር የመጣነው እኛ ነን፣ አሳማው አይደለም አሉና ተዉት።

ከላይ የሚቀባው ጣፋጭ ነገር ጋራዥ ውስጥ ነበር። ማርጊ ከዚያው ዛፍ ፖም የሠራችው ማርማላታ በመስታወት ብልቃጥ ብልቃጥ ተሞልቶ፣ አቧራ ለብሶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሃሮልድ እሷ ከሞተች ጀምሮ አንዱንም አልከፈተም ነበር። ክፈቱት አለን። ማርማላታው ላይ ቡናማ ስኳር፣ ሰናፍጭና ጠብታ አቼቶ ተጨመረበት። ታዲያ ይሄ የጾም ነገር ነው፤ ፖምና ስኳር ብቻ። ሰዓቱም ከዘጠኝ አልፏል። እትዬ የሻረግ ጠብታ በእጃቸው ጀርባ ላይ አድርገው ላሱት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ትንሽ ሰናፍጭ ጨመሩ። ሳይቀምሱ የሚሠሩት ሴት ያንን ቀመሱት። "እስከዚህ የኔ ነው" አሉኝ መጥበሻውን እያሳዩኝ፤ "እዚያ ከገባ የአባባ ነው።"

ያን ቀን ጣፋጩን ቶሎ አፈሰሱትና አረረ። ጣራው ላይ ያለው የጭስ ደወል ጮኸ፣ በርና መስኮቱን ከፍተን በፎጣ አራገብን፣ ሃሮልድ በእጁ ጆሮውን ይዞ ይስቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ሥጋው በስቡ በኩል ቆሞ እስኪጠበስ ጠበቁ፤ ግራና ቀኙን አገላበጡት፤ ጣፋጩን መጨረሻ ላይ አፈሰሱትና አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ቅቤ ሲነጠር ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ይንጫጫል፤ ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይወርዳል፣ ያኔ ነው የሚወጣው። ያም እንደዚያው ነበር። ፍልቅልቁ መጀመሪያ ቀጭን ነው፣ ይቸኩላል። ቀስ እያለ ይወፍራል፣ ገንፎ ሲበስል እንደሚያደርገው ጵስ፣ ጵስ ማለት ይጀምራል። እዚህ ላይ እትዬ የሻረግ መጥበሻውን አነሱት። ቾፑ ወርቃማ ሆኖ፣ ከዳሩ ስቡ ጠብሰቅ ብሎ፣ የኩሽናውን መብራት እንደ መስታወት መልሶ ያበራ ነበር። ቤቱ ሸተተ። ያ ነው እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ደረጃዬ ላይ የጠበቀኝ ሽታ።

ሃሮልድ የመጀመሪያዋን ጉርሻ አፉ ውስጥ አድርጎ ቆየ። ወደ ሽርጡ አየ። ከዚያ በላ፤ ግማሹን ያህል በላና ሹካውን አስቀመጠ።

ነይ ተቀመጪ አላቸው። ማርጊ ብቻውን የሚበላ ሰው ማየት አትወድም ነበር፤ እኔም ብቻዬን አይወርድልኝም አለ። እትዬ የሻረግ የተናገረውን ሳልተረጉምላቸው ገባቸው። ፊታቸው ላይ ሁለት ሐሳብ ሲተላለፍ አየሁ። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጾም ላይ ነኝ በይው አሉኝ።

ውሸት አልነበረም፤ ሁዳዴ ነው። እውነትም አልነበረም። አንድ ሽማግሌ የሞተች ሚስቱን ምግብ በስንት ጊዜው ሲያገኝ፣ ይህ ለኛ ርኩስ ነው ብሎ ፊቱ መናገር ይሉኝታ ላለው ሰው ከአፍ አይወጣም። ሃሮልድ ጾሙ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀኝ። እኔም የልጅ ነገር፣ ፋሲካ ነው ብዬ ቀኑን ነገርኩት። ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ቀኑን በቀይ እስኪሪብቶ ከበበው። እንግዲያው እጠብቅሻለሁ አላቸው።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሁለቴ፣ ሦስቴ ይሠሩለት ነበር። ሃሮልድ ሁልጊዜ ግማሹን ይበላና ግማሹን ያስቀራል፤ ለፋሲካ ነው ይላል እየቀለደ። ነርሷ ስትመዝነው አልቀነሰም፣ ግን አልጨመረም። ጁዲት ከፋሲካው በኋላ እንወስናለን አለች። እትዬ የሻረግ ደግሞ ጾሙ ሲያልቅ የሚመጣውን ጣጣ ያውቁታል፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ። የራሳቸውን ምሳ የሚበሉት ጓሮ በረንዳ ላይ ነበር፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ከጣራው ዝናብ እየተንጠባጠበ። ምሳ ዕቃቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፣ እኔንም እዚያው ያጎርሱኛል። አየር ወደው ይመስለኝ ነበር። ያ ገበታ፣ ያ ሳህን፣ ያ ሹካ አሳማ የነካው ስለሆነ መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ፋሲካ እሑድ አለፈ። ሰኞ ትምህርት ቤቴ ስለተዘጋ ከጠዋት ጀምሮ አብሬያቸው ነበርኩ። ስንገባ ሃሮልድ ተላጭቷል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ጠረጴዛው ላይ ዳራቸው ሰማያዊ የሆነ ሁለት ሳህኖች፣ ሁለት ሹካ፣ ሁለት የታጠፈ ናፕኪን። አንደኛው ሳህን ማርጊ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ፊት ነው። ሁለት ቾፕ እንዲሠሩ ጠየቃቸው። ለኔ ለብቻዬ ዶናት አስገዝቶልኛል።

እትዬ የሻረግ ሁለቱንም ጠበሱ። እንደዚያ ቀን አሳምረው የጠበሱበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። ሁለቱ ሳህኖች ላይ አስቀመጡና ቆሙ።

"ጾሙ አለቀ አይደል?" አለ ሃሮልድ።

ወደ እኔ ዞሩና "ንገሪው" አሉኝ። አፌን ስከፍት ደግሞ፣ "ተዪው፣ እኔው ልናገር" አሉ። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው፣ ቃል በቃል እያነሱ እያስቀመጡ ነገሩት።

"አባባ። ኖ ፒግ። ኔቨር።" ጣታቸውን ወደ ላይ ጠቆሙ። "ማይ ጎድ ሴይ ኖ።"

"ኔቨር?"

"ኔቨር።"

ሃሮልድ ሳህኑን አየ፣ መጥበሻውን አየ፣ እሳቸውን አየ። ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ሠራሽው አላቸው። አፍንጫቸውንና ጆሯቸውን ነኩለት። አልሳቀም። ሹካውን ናፕኪኑ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠና ሳህኑን ወደ መሐል ገፋው። እንዲህ ያለ ነገር ላሠራሽ ፈልጌ አልነበረም አለ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ከእንግዲህ አትሥሪ። ከዚያ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዎች ድምፅ በሌለው ጭብጨባ ያጨበጭባሉ። ሳህኑ ላይ ስቡ መንጣት ጀምሯል። ልጅ ብሆንም በሚቀጥለው ቀን ነርሷ ከነሚዛኗ እንደምትመጣ አውቅ ነበር።

እትዬ የሻረግ ወደ ጓሮ በር ሄዱ። የሚሄዱ መስሎኝ ጃኬቴን አነሳሁ። የሄዱት ግን በረንዳው ላይ ወዳስቀመጡት ቦርሳ ነው። ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ተመለሱ። ከነጠላቸው ሥር ንጹሕ ፎጣ አውጥተው በማርጊ ወንበር ፊት፣ ከሳህኑ ጎን አነጠፉ። ሰማያዊ ዳር ያለውን ሳህን አላነሱትም፤ ቾፑ እንዳለ ትንሽ ወደ ጎን ብቻ ፈቀቅ አደረጉት። ተቀመጡ። ምሳ ዕቃውን ከፈቱት፤ የፋሲካ ዶሮ ነው፣ እንጀራው ተጠቅልሎ አጠገቡ ተቀምጧል። አማተቡ። የቤቱ ሽታ ተቀላቀለ፤ ስኳርና በርበሬ፣ አሳማና ዶሮ።

"ይብሉ አባባ" አሉት በአማርኛ።

ሃሮልድ ዞሮ አያቸው። ማንም አልተረጎመለትም። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መለሰና ቆረጠ። እሳቸው ጠቀለሉ፣ እሱ ቆረጠ። ሃሮልድ የራሱን ጨረሰ፤ ወደ ጎን ፈቀቅ ያለችውንም ስቦ ጀመራት። እትዬ የሻረግ በኋላ ለእናቴ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ያቺ ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆማ ነበር፣ ውሃ ነው ያወረዳት ብለዋል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ይህን ማንም አላየባቸውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በረንዳ ላይ አልበሉም። ፎጣቸውን አንጥፈው፣ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው፣ ከሃሮልድ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ረቡዕና ዓርብ ሽሮ፣ በሌላው ቀን ያገኙትን። ሃሮልድ አሳማውንም በላ፣ ድንቹንም በላ፣ ሾርባውንም በላ። በበጋው ሱሪው ያለ ቀበቶ ወገቡ ላይ ቆመ። ጁዲት ስለ ሊንውድ ማንሳቷን ተወች። በመከር ወራት ብልቃጦቹ ሲያልቁ እትዬ የሻረግ ራሳቸው ከዛፉ ፖም አውርደው ማርማላታ ሠሩ፤ ሃሮልድ መሰላሉን ይዞላቸው ነበር፣ ወይም የያዘ መስሎት ነበር።

የነፍስ አባታቸውን በመጨረሻ ጠየቋቸው። ምን እንዳሏቸው አልነገሩንም። ግን ለወራት ሲሰግዱ ከወለላችን ሥር እንሰማ ነበር፤ ግንባራቸው ምንጣፉን ሲነካ ሳይሆን ጉልበታቸው ሲንቋቋ። ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸውን ይይዙና "ይቺ የሃሮልድ ናት" ይሉ ነበር። አልተቆጩም። አልኮሩበትምም።

ሃሮልድ የሞተው ከዚያ ወዲያ ሁለት ክረምት አልፎ፣ በገዛ ወንበሩ ላይ፣ ዛፉ አበባ ባወጣበት ሰሞን ነው። ጁዲት ቤቱን ስታስለቅቅ ምን ትፈልጊያለሽ አለቻቸው። እትዬ የሻረግ ምንም አልፈልግም አሉ። እሷ ግን መጥበሻውን በጋዜጣ ጠቅልላ አስታቀፈቻቸው። አስቡት እንግዲህ፤ መጣል አይሆንም፣ ከሰው የተሰጠ ነው። ኩሽና ማስገባትም አይሆንም። በረንዳቸው ላይ አስቀመጡት። ዝናብ ሞላው፣ ወፎች መጥተው ጠጡበት። በቃ፣ ሥራ አገኘ አሉ። በኋላ ሚኒሶታ ልጃቸው ጋ ሲሄዱ መጥበሻውን ለእናቴ በረንዳ አስረከቡ፤ ከእናቴ ደግሞ ወደ እኔ መጣ። እትዬ የሻረግ እዚያው ሚኒሶታ አረፉ። መጥበሻው ዛሬም ሊንውድ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ የዝገት ቀለም ለብሶ ውሃ ይይዛል።

ጫማዬን አውልቄ ቀና ስል ሶስና አሁንም ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ናት። ማኘኳን አቁማለች። ምድጃው ላይ ስስ መጥበሻ ተቀምጧል፣ ስኳሩ ከዳር ዳሩ ጠቁሯል። ከቆሻሻው ቅርጫት ላይ ነጭ የስብ ክሮች ይታዩኛል።

"አር ዩ ማድ?" አለችኝ ሳትዞር፤ ተቆጣሽ ወይ ማለቷ ነው።

"ስቡን ለምን ቆረጥሽው?" አልኳት።

ዞረች። ሥጋው ደርቆባት እንደሆነ ፊቷ ይናገራል። ከየት እንዳወቅሁ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ፍሪጁን ከፈትኩ፣ የትናንት ምስር ወጥ ነበረኝ፣ አሞቅሁት። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ፎጣ አነጠፍኩና ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር በእግሬ ገፋ አደረግሁላት።

"ነይ፣ ቆሞ አይበላም።"

ሳህኗን ይዛ መጣች። ትንሽ ቆርጣ በሹካዋ ወደ እኔ ዘረጋችው፤ "ዩ ዋና ትራይ?" አለችኝ። ቅዳሜ ነው፣ ጾምም የለም።

"እኔ አሳማ አልበላም" አልኳት፤ "አንቺ ብዪ።"

ኦኬ አለችና በላች። እኔም እንጀራዬን ቆረስኩ። ውጭ ዝናቡ በረንዳው ላይ ያለውን መጥበሻ እየነካ ጠብ፣ ጠብ ይላል።